የጋሽ እንከን አንዲት እንከን

ጋሽ እንከንን እንከን ብሎ የሰየመው ሰፈሩ ነው። እናቱ ያወጣችለት ሌላ ስም ነበረው፤ ያን ስም ግን ዛሬ ከመታወቂያ ወረቀቱ በቀር የሚያውቀው የለም። ሰፈር ደግሞ ስም ሲያወጣ አይሳሳትም። ሰውየው ዳቦ ቤት ገብቶ ዳቦ አይገዛም፤ ይመረምራል። ገልብጦ ታችኛውን ያያል፣ በጣቱ ኳኳ ያደርገዋል፣ ወደ ጆሮው ያስጠጋዋል፣ ከዚያ «ይሄኛው በግራ በኩል አሯል» ብሎ ይመልሰዋል። ጎረቤት በር ሲከፍትለት፣ እንደምን አደራችሁ ከማለቱ በፊት «ማጠፊያው ዘይት ጠምቶታል» ይላል። ሠርግ ቢጠሩት እንኳ ይዞት የሚመለሰው ወሬ የሙሽራው ክራቫት መዛነፉን ነው። እንዲህ ካለ ሰው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር መኖርን እስቲ አስቡት!

ሰዉ የሚታገሠው ግን በከንቱ አልነበረም። ጋሽ እንከን ጡረታ እስኪወጣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሳንቲም ፋብሪካ ውስጥ መምቻ ማሽን ላይ የቆመ ሰው ነው። ገና ምንም ያልተመታበትን ክብ ብረት ሠራተኞቹ «ዲዳ» ይሉታል። ዲዳው ከላይና ከታች በተተከሉ ሁለት ማኅተሞች መካከል ይገባል፤ ማሽኑ አንዴ ጓ! ያደርገዋል፤ ዲዳው በአንድ ፊቱ ርግብ፣ በሌላው ፊቱ ቁጥር ይዞ ይወጣል። ይህ ጓ በደቂቃ መቶ ጊዜ ነው፤ ማሽኑም አንድ ሳይሆን አሥራ ሁለት። እዚያ ቤት ውስጥ ሰው የገዛ ሐሳቡን እንኳ አይሰማም። ጋሽ እንከን ግን ከዚያ ሁሉ ጓ መሃል አንዷ ከተዛነፈች ወዲያው እሰማለሁ ባይ ነው። «ከኔ ማሽን አንዲት ብልሹ ሳንቲም ወደ ሕዝብ አልወጣችም» ሲል ደረቱ በሁለት ጣት ይሰፋል።

ፋብሪካውም አምኖታል። በዋናው በር አጠገብ አንዲት የኤግዚቢሽን ክፍል ተሠርታ፣ የፊታችን ቅዳሜ የጋሽ እንከን ፎቶግራፍ ሊሰቀልባት ነው። ከሥሩ የሚጻፈውም ተወስኗል፤ «ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ያለ አንዲት እንከን»። ጽሑፉን እንዲያይ ናሙናው ቤቱ ድረስ ሲላክለት አንዷ ፊደል ዘማለች ብሎ ሁለት ጊዜ መልሶታል። ሱፉ ተተኩሶ በር ላይ ተንጠልጥሏል። ባለቤቱ ገና ሰኞ የተኮሰችውን ማክሰኞ ደግሞ ራሱ ተኩሶታል።

ባለቤቱም የዚያው ፋብሪካ ሰው ናት፤ ለቃሚ ነበረች። ከማሽኖቹ አሥር እርምጃ ርቆ አንድ ረጅም ጠረጴዛ ነበር፤ ሴቶቹ ዳርና ዳር ተቀምጠው በፊታቸው የሚፈሰውን ሳንቲም እንደ ምስር ይለቅሙታል። ጠርዙ የተጎረደውን፣ ምስሉ ወደ ጎን የሸሸውን እየነጠሉ ወደ ቀይ ሣጥን ይጥላሉ። እሷና ጋሽ እንከን የተያዩት እዚያ ነው። ከተጋቡ አርባ ሁለት ዓመታቸው ነው። እሱ በየቀኑ እንከን ሲያወጣላት፣ እሷ በየቀኑ ጆሮ ዳባ ልበስ ስትል እዚህ ደርሰዋል።

አሁን ወደ ወንድሟ እንምጣ፤ ነገሩን ያመጣው እሱ ነውና። ታናሽ ወንድሟ የከተማ አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነው። ዕድሜው ሃምሳ አንድ፤ ጋሽ እንከን ግን እስከ ዛሬ «አንተ ልጅ» ነው የሚለው። ቆራጩ ቀኑን ሙሉ ሳንቲም ሲቀበልና ሲመልስ ስለሚውል አንድ ሕልም አደረበት። ፋብሪካ ተሳስቶ ያወጣው ሳንቲም በሰብሳቢዎች ዘንድ ውድ ነው፤ ብልሽቱ በበዛ ቁጥር ዋጋው ይንራል፤ እንግዲህ ከዕለታት አንድ ቀን አንዷ እጄ ትገባለች ብሎ ሃያ ሁለት ዓመት ጠበቀ። በየእሑዱ የተለየች የመሰለችውን ሳንቲም በመሐረብ ጠቅልሎ እህቱ ቤት ይመጣል።

ጋሽ እንከን እሑድን የሚወደው ለዚሁ ነው። አንድ እሑድ ሁለቱም ፊቷ ርግብ የሆነች ሳንቲም መጣች። ጋሽ እንከን ጠረጴዛው ላይ ጣላት፤ ድብ አለች። «ሳንቲም ይዘፍናል እንጂ አያስልም» አለ። ከዚያ መርፌ አንሥቶ ከጠርዟ በውስጥ በኩል ዙሪያዋን ዳሰሰና ቧ! አድርጎ ከፈታት። አንዷን ሳንቲም በቶርኖ ቦርቡረው፣ ሌላዋን ደግሞ ሞርደው አቅጥነው ውስጧ የከተቷት ነበረች። «ይሄ ሳንቲም አይደለም፤ የትምባሆ ቆርቆሮ ነው» ብሎ ክዳኑን ለቆራጩ መለሰለት።

ሌላ እሑድ ጠርዟ በጥርስ የተነከሰ የምትመስል መጣች። «ዲዳው ከመመታቱ በፊት ጎድሎ ቢሆን ኖሮ፣ ከንክሻው ፊት ለፊት ያለው ጠርዝ ደክሞ ይወጣል፤ ብረቱ የሚገፋው አጥቶ። ይሄው፣ እዚህ ጠርዙ እንደ ምላጭ ነው። ከተመታች በኋላ በሊማ ነው የሞረዷት» አለ። ቀይ የመዳብ መልክ ያላት ስትመጣ ደግሞ አሸተታትና «ይቺን ምድጃ ላይ የጠበሳት ሰው ሽንኩርቱን ረስቷል» አለ። ቆራጩ በየጊዜው ኩም ይላል፣ ሳንቲሙን መልሶ ይጠቀልላል፣ በሳምንቱ ደግሞ ተስፋውን አድሶ ይመጣል። እህቱ ታዝንለታለች፤ ግን ባሏ ትክክል ነውና ምን ትበል?

በዚህኛው እሑድ ቆራጩ ሲገባ መሐረቡን ወዲያው አልፈታም። ቁጭ ብሎ ሁለቱን እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«ጋሼ፣ ዛሬ እንዳትቀልድብኝ። በወሩ መጨረሻ ከሥራ ያሰናብቱናል። ትኬቱን ካሁን በኋላ ማሽን ሊቆርጠው ነው። ተርሚናሉ ጥግ አንዲት ኪዮስክ ትከራያለች፤ ቅድሚያ ክፍያው ነው የጎደለኝ። ይቺን ለሳንቲም ሰብሳቢዎች ማኅበር ጸሐፊ አሳየሁት። ‹ጋሽ እንከን እውነተኛ ናት ብሎ በእጁ ከጻፈልህ የኪዮስኩን ክፍያ እሰጥሃለሁ፤ ካልጻፈ ግን የመሐረብህን ዋጋ እንኳ አታወጣም› አለኝ።»

«አየህ፣ የሚያውቅ ሰው ማንን እንደሚጠይቅ ያውቃል» አለ ጋሽ እንከን፤ ማጉያ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ እየወለወለ። «አምጣት።»

ሳንቲሟ ወጣች። በአንድ ፊቷ ርግብ አለች፤ ወደ ቀኝ የምታይ፣ ደህና ርግብ። ገለበጣት። ቁጥር መኖር በነበረበት በኩል ቁጥር የለም፤ ሌላ ርግብ ናት፤ ግን ወደ ውስጥ የሰመጠች፣ ወደ ግራ የምታይ።

ጋሽ እንከን በደስታ ሣቀ። «ሞርሳ! አንተ ልጅ፣ ይቺማ የሕፃን ጨዋታ ናት። ሁለት ሳንቲም ደርበህ በሞርሳ ጥርቅም አድርገህ ታጠብቃለህ። የአንዷ ርግብ ሌላዋ ላይ ታርፋለች፣ ተገልብጣና ሰምጣ። ግን ሌባ ዱካውን አይሰውርም፤ ከሰመጠችው ርግብ ሥር የተጨፈለቀው ቁጥር ጥላ ይቀራል። በጀርባዋ ያለችው ርግብም ላባዋ ተዳምጦ እንደ ብርድ ልብስ ልጥፍ ይላል። ና ላሳይህ።»

ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰካ። የቁጥሩን ጥላ ፈለገ። አጣው። ወደ መስኮቱ ዞረና በሰያፍ ብርሃን ፈለገ። ቁጥር እዚያ ፊት ላይ ተጨፍልቆ አልጠፋም፤ መጀመሪያውኑ አልነበረም። ገልብጦ ደህናዋን ርግብ አየ። ላባዎቿ አንድ በአንድ ቆመዋል። ሞርሳ የነካት ርግብ እንዲህ አትቆምም። ትንሿን ሚዛን አወጣና መዘናት፤ ልክ ናት። ጠረጴዛው ላይ ጣላት፤ ዘፈነች።

«እ?» አለ ቆራጩ።

«ዝም በል፣ እየሠራሁ ነው።»

ጋሽ እንከን ይህ ነገር በእውነት ሲሆን እንዴት እንደሚሆን ከማንም በላይ ያውቃል። የተመታው ሳንቲም አንዳንዴ ወደ ታች አልወድቅ ብሎ የቁጥሩ ማኅተም ላይ ተጣብቆ ይቀራል። የሚቀጥለው ዲዳ ሲገባ በአንድ በኩል የሚመታው ማኅተሙ ሳይሆን ያ የተጣበቀው ሳንቲም ነው። ርግብ በርግብ ላይ ታርፋለች፤ አንዷ ቆማ፣ አንዷ ሰምጣ። እንዲህ ያለው በብዙ ሚሊዮን አንዴ ቢገኝ ነው። ያን ጊዜ የማሽኑ ድምፅ ይለወጣል፤ ጓ የነበረው ጉው ይላል። ሠራተኛው ሰምቶ ካቆመው ብልሹዋ እዚያው ትቀራለች።

ካልሰማ ግን ትወጣለች። የማን ማሽን ይሆን? ከርግቧ ሥር ያለውን ዓመተ ምሕረት ሲያይ አርባ ሦስት ዓመት የሞላት ናት። ከርግቧ ዓይን ተነሥቶ እስከ ጠርዟ የሚደርስ ቀጭን ጭረት አየ። ጭረቱ በቆመችው ርግብ ላይ ጎልቶ ወጥቷል፤ በሰመጠችው ላይ እንደዚያው ሰምጧል። ጋሽ እንከን ክው አለ። ይህ ጭረት የርግቧ ማኅተም ስንጥቅ ነው። የማኅተም ቁጥር አሥራ አራት። ስንጥቁን ያገኘው ራሱ ነበር፤ ጠዋት ተክሎት፣ ምሳ ሳይደርስ በገዛ እጁ ነቅሎ ለአለቃው አስረክቦ «ጎበዝ» ተብሎበታል። ማኅተም አሥራ አራት ከዚያች ጠዋት በቀር ሠርቶ አያውቅም፤ በዚያች ጠዋት ማሽኑ ላይ ከእሱ በቀር ሰው አልቆመም።

ጠዋቷንም አልረሳት። እንዴት ይረሳታል? ከአንዲት ለቃሚ ፍቅር ይዞት ነበር፤ ያን ቀን ከሥራ መልስ በሩ ላይ ጠብቆ ሊነግራት ቆርጦ ነበር። ማሽኖቹ ስለሚጮኹ ማንም አይሰማኝም ብሎ፣ የሚላትን ነገር ጠዋቱን ሙሉ ጮክ ብሎ ሲለማመድ ነበር። የገዛ ድምፁን እየሰማ፣ የማሽኑን ሳይሰማ! በር ላይ የተንጠለጠለው ሱፍ ዓይኑ ውስጥ ገባ።

«ጋሼ?» አለ ቆራጩ። «ምን ልበል ታዲያ?»

ጋሽ እንከን ማጉያውን አወረደ። «ሞርሳ» አለ።

«ሞርሳ?»

«ጥሩ አድርጎ የሠራው ሰው ነው። ግን ሞርሳ ነው።»

ቆራጩ ተነሣ። በሌላ ጊዜ ሣቅ ብሎ ነበር የሚጠቀልላት፤ አሁን በመሐረቡ እንኳ አልጠቀለላትም፣ እንዲሁ ኪሱ ውስጥ ጣላት። «ይሁን። ሃያ ሁለት ዓመት አሳቅኩህ። ይቺንም ነገ ጠዋት ከመልስ ጋር ለአንዱ ሰጥቼ እገላገላታለሁ። ካሁን በኋላ ሳንቲም አላመጣብህም፣ ጋሼ።» እህቱን ጉንጯን ሳመና ወጣ።

በሩ እንደተዘጋ፣ ከጓዳው ደጃፍ ሆና ሁሉን ስታይ የቆየችው ባለቤቱ እጇን በፎጣ እየጠረገች ቀረበች። «ዋሸህ» አለችው።

«ምን?»

«እውነተኛ ናት። ዋሸኸው።»

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው መርማሪ የሆንሽው?»

«ማጉያውን ዓይንህ ላይ ሰክተህ ‹አሥራ አራት። የኔዋ ናት። ወይኔ ጉዴ› አልክ።»

«ድምፅ አላወጣሁም!»

«አላወጣህም። ከንፈርህን አይቼ ነው።»

ጋሽ እንከን አፉን በመዳፉ ሸፈነ፤ ዘግይቶ ነው እንጂ። እሷም ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። «እኛ ለቃሚዎቹ በዚያ ሁሉ ጩኸት ውስጥ በምን የምናወራ ይመስልህ ነበር? ሁላችንም ከንፈር እናነባለን። አዲስ ሴት ስትገባ መጀመሪያ የምናስተምራት ሳንቲም መልቀም ሳይሆን እሱን ነው።»

«እኔማ ማስቲካ የምታኝኩ ነበር የሚመስለኝ!»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ?»

«ማስቲካ ይከልከል ብዬ ለአስተዳደሩ ደብዳቤ ጽፌያለሁ እኮ!»

«አውቃለሁ። ስትጽፈው ጮክ ብለህ እያነበብክ ነበር። ከጎንህ የነበረው ሰውዬ አለቃውን ሲሰድብ፣ ያኛው ስለ አማቱ ሲያለቅስ፣ ሁሉንም እናውቅ ነበር። ወንዶቹ ማሽኑ የሸፈናቸው መስሏቸው ጉዳቸውን ሲዘረግፉ ይውላሉ፤ እኛ ደግሞ እየለቀምን እናነባለን።»

«ሁሉንም?» አለ ጋሽ እንከን፤ ጆሮው ከሥሩ ጀምሮ እየቀላ።

«ሁሉንም።» ፎጣውን ጉልበቷ ላይ አጣጠፈች። «‹እኔ ሀብት የለኝም› አልክ። ‹ያለኝ ጆሮ ብቻ ነው። ከሺህ ጩኸት መሃል የተዛነፈችውን አንዲት ድምፅ እሰማለሁ። አንቺ ስትስቂ ግን ማሽኑ አይሰማኝም። ስለዚህ ወይ አግቢኝ፣ ወይ ሌላ ክፍል ተዛወሪልኝ።› ዘጠኝ ጊዜ ነው ያልከው። በአምስተኛው ላይ ‹እባክሽ› ጨመርክበት፤ በሰባተኛው ላይ አወጣኸው።»

ጋሽ እንከን አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ ያንን ንግግር ከራሱና ከማሽኑ በቀር ማንም የሚያውቀው አይመስለውም ነበር። ማታ በሩ ላይ ሲጠብቃት ቃሉ ሁሉ በኖ ጠፍቶበት «ሻይ ትጠጪያለሽ?» ብቻ ነበር ያላት። ሻይ ቤት ገብተውም ስለ ብርጭቆው ስንጥቅ ነበር ያወራላት። እሺ ስትለው በሻዩ ያሸነፋት መስሎት ኖሯል።

«እኔ እሺ ያልኩህ ለጠዋቱ ነው» አለችው። «የማታውማ ምን ነገር ነበረው?»

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ተነሥቶ ሚስቱን ያቅፋል። ጋሽ እንከን ግን ጋሽ እንከን ነው፤ አንድ ነገር ትዝ አለውና ጣቱን አነሣ። «ቆይ፣ ቆይ! እኔ ዘጠኝ ጊዜ ስለው ዓይንሽ የት ነበር?»

«ከንፈርህ ላይ።»

«ጠረጴዛው ላይ አልነበረማ! ሳንቲሟ በፊትሽ ስታልፍ አላየሻትም! ደመወዝ የሚከፈልሽ ሳንቲም እንድታዪ ነው እኮ!»

«አንተስ የሚከፈልህ ምን እንድትሰማ ነበር?»

ተፋጠጡ። ከዚያ እሷ ሣቋን ለቀቀችው፤ እሱም ሊስቅ ሲል ሱፉ እንደገና ታየውና ፊቱ ጠቆረ። «ቅዳሜ ሊሰቅሉኝ ነው» አለ። «ያንን ከወሰዱብኝ ምን ይቀረኛል? ዳቦ የሚያንኳኳ ሽማግሌ ነው የምሆነው። ሰው የሚታገሠኝ በሱ ነው። አውቃለሁ እኮ።»

እሷም አዘነችለት፤ ግን አልለቀቀችውም። «ወንድሜ ሃያ ሁለት ዓመት ውሸት ይዞ መጣ፤ እውነቱን ነገርከው። ዛሬ እውነት ይዞ ቢመጣ ዋሸኸው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ።»

እሑድ በኩርፊያ አለቀ። ሰኞ ጠዋት ጋሽ እንከን ሲነሣ ባለቤቱ ነጠላ ጫማዋን በቆዳ ጫማ ቀይራ በሩ ላይ ቆማለች።

«ወዴት ነው?»

«ወንድሜን ፍለጋ። ሳንቲሟን ለሰው ሳይሰጣት እደርስበታለሁ። ከዚያ ማኅበሩ ዘንድ ሄጄ ለቃሚዋ እኔ ነበርኩ፣ እውነተኛ ናት፣ በቸልታ ያሳለፍኳት እኔ ነኝ ብዬ እፈርማለሁ። አንተ ቅዳሜህን ብላ።»

እሱ ምን ይበል? አርባ ሁለት ዓመት እንከን ሲያወጣላት ኖሯል፤ የራሱን እንከን ተሸክማለት በአደባባይ ስትቆም ለማየት ግን ሆዱ እንቢ አለ። ሸሚዙን አዛንፎ ቆልፎ እየሮጠ ተከተላት። ተርሚናሉ ሲደርሱ የቆራጩ አውቶቡስ መንቀሳቀስ ጀምሯል። ባለቤቱ በኋላ በር ዘልላ ገባችና አንዲት ልጅ ወንበር ለቀቀችላት፤ እሱም ተከትሏት ገብቶ ከሰዉ መሃል ተሰንቅሮ ቀረ።

ከፊት ጩኸት ተሰማ። ጃንጥላ የያዘ ወፍራም ሰውዬ መልሱን መዳፉ ላይ ዘርግቶ ቆራጩ ላይ ያፈጣል። «ይሄ ምንድነው? ቁጥር እንኳ የለውም! ሐሰተኛ ሳንቲም ታሳልፋለህ? ተቆጣጣሪ ጥራልኝ! ይሄ እስር ቤት የሚያስገባ ነገር ነው!»

ቆራጩ አንገቱን ደፋ። «ይቅርታ፣ እውነትዎን ነው። ሐሰተኛ ናት። የሚያውቅ ሰው ነግሮኛል። እቀይርልዎታለሁ።»

የሚያውቅ ሰው! ጋሽ እንከን በሕይወቱ እንደዚያ ያለ ጥፊ ቀምሶ አያውቅም። ሰዉን በክርኑ እየገፋ ወደ ፊት ወጣ።

«ሐሰተኛ አይደለችም!» ብሎ ጮኸ። «ልጁን ተወው፣ ሌባ አይደለም! እውነተኛ ናት!»

«እርስዎ ማነዎት ደግሞ?» አለ ባለ ጃንጥላው።

«የመታኋት እኔ ነኝ።»

አውቶቡሱ በሙሉ ዞረ። ጋሽ እንከን ብረቱን ጨብጦ እየተንገጫገጨ ነገሩን ዘረዘረው፤ ዲዳውን፣ የተጣበቀውን ሳንቲም፣ የማኅተም አሥራ አራትን ስንጥቅ። ሲጨርስ ያደንቁኛል ብሎ ጠብቆ ከነበረ ተሳስቷል።

«ታዲያ ሥራ ላይ ተኝተው ነበር?» አለች አንዲት ሴት።

«እንዲህ ያለ ሠራተኛ ነው አገር የሚያጠፋው!» አለ ሌላው።

«ለዚህ ነው ደመወዝ የበሉት?»

ጋሽ እንከን ደም ሥሩ ተገተረ። መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተ፤ ዘጋው። «እውነታችሁን ነው» አለ። ይህን ቃል ሲል ባለቤቱ ሰምታው አታውቅም።

«ተዉት!» ብሎ ጮኸ ቆራጩ፤ ሁሉም ደነገጠ። «ሰው አይደለም እንዴ? ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቶ ያመለጠችው አንዲት ናት። እኔ በቀን አሥር ጊዜ መልስ እሳሳታለሁ!»

«እሱንማ እናውቃለን!» አለ ከኋላ አንዱ፤ ሰዉ ሣቀ።

ቆራጩ ሳንቲሟን ከባለ ጃንጥላው ተቀብሎ፣ ለሰውዬው ደህና ሳንቲም ሰጥቶ፣ ወደ ጋሽ እንከን ዞረ። «ጋሼ፣ በእውነት?»

«በእውነት። ወረቀቱን ዛሬውኑ እጽፍልሃለሁ። ማሽኑን፣ ቀኑን፣ የኔንም ስም።»

«ቅዳሜስ?»

«ከፎቶው ሥር ሌላ ነገር ይጻፉ። ካልፈለጉም ይተዉት።»

ባለ ጃንጥላው ግን አልረካም። «ጆሮዎ ያን ያህል ከሆነ፣ ያን ዕለት የት ነበር?»

ጋሽ እንከን ወደ ባለቤቱ አየ። «ሚስቴን እንድታገባኝ እየጠየቅኳት ነበር» አለ።

«እሺስ አለችዎት?» አለች ቅድም የተቆጣችው ሴት፤ አሁን ድምፅዋ ለስልሷል።

«ኧረ ገና ነው» አለች ባለቤቱ ከወንበሯ። «እስከ ዛሬ አልጠየቀኝም።»

አውቶቡሱ ፌርማታ ላይ ቆሞ ነበር። ሹፌሩ ሁሉን ሲሰማ ቆይቶ ሞተሩን አጠፋ። «በሉ እንግዲህ አባቴ» አለ፤ «ከኋላችን ያለው እስኪደርስ ሦስት ደቂቃ አለን።»

ጋሽ እንከን አፉን ከፈተ። ያ ሁሉ ንግግር ልክ እንደ ያኔው በኖ ጠፋ። ምላሱ ጫፍ ላይ የመጣለት ስለ መስኮቱ ላስቲክ መላጥ ነበር፤ እንደ ምንም ዋጠው። «አግቢኝ» አለ።

«እኔን አይደለም» አለች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ አገጯን ግን ወደ ወንድሟ አቀናች። «ሰው ሚስት ሲፈልግ ቤተሰቧን ነው የሚጠይቀው። ወንድሜ ያውልህ።»

ጋሽ እንከን ወደ ቆራጩ ዞረ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህ ሰው ሲጠይቀው መልስ ሰጥቶታል እንጂ አንድም ቀን እሱን ጠይቆት አያውቅም። «አንተ ልጅ» ብሎ ጀመረ፤ ጉሮሮውን ጠረገ። «ወንድሜ» አለው። «ትናንት ዋሽቼሃለሁ። አፍሬ ነው የዋሸሁህ። ይቅር በለኝ። እህትህንም ስጠኝ።»

ቆራጩ ሊመልስ ሞከረና ተወው። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ በእጅጌው ጠረገ። ከዚያ ጥራዙን አወጣ፣ ሁለት ትኬት ቆረጠ፣ ሒሳቡን ከራሱ ኪስ አውጥቶ ቦርሳው ውስጥ ጨመረ። ባለ ጃንጥላው ከቆራጩ እህት አጠገብ የተቀመጠውን ጎረምሳ በጃንጥላው ጫፍ ነካ አድርጎ አስነሣው። ቆራጩም ሁለቱን ትኬቶች በጋሽ እንከን መዳፍ ላይ አኖረለት።

«ሂድ» አለው፤ «አጠገቧ ቁጭ በል።»